የሆንግ ኮንግ የኩንግ ፉ ፊልሞች፦ አነሳሳቸው፣ አሠራራቸውና ደረጃቸው

የኩንግ ፉ ፊልም ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በሆንግ ኮንግ የተሠራው ፊልም ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በባዶ እጅ ወይም በዱላ፣ በጦርና በሰይፍ የሚደረግ ፍልሚያ ዋና ጉዳዩ ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ግፍ ይፈጸማል፤ ግፍ የደረሰበት ወጣት ይሸነፋል፤ መምህር ፈልጎ ይማራል፤ ተመልሶ ይበቀላል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱን ያየ ሁሉንም ያየ ይሆን ነበር። ፊልሞቹን ዛሬም ተፈላጊ የሚያደርጋቸው ከአራቱ ሦስተኛው፣ ማለትም ትምህርቱ ነው። በጥሩ የኩንግ ፉ ፊልም ውስጥ ድብድቡ ለማጣፈጫ የገባ አይደለም። ማን ከማን ምን እንደተማረ፣ የተማረው ምን ያህል እንደገባው፣ በምን ላይ እንዳዋለው የሚታወቀው በድብድቡ ነው። በዚህ መለኪያ ሲመዘን ዝነኛው ሁሉ ምርጥ አይሆንም፤ ምርጡም ሁሉ ዝነኛ አይደለም።

የዘውጉ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው በ1949 በዳይሬክተር ዉ ፓንግ የተሠራው፣ የዎንግ ፌይ ሁንግን ታሪክ የሚተርከው ፊልም ነው። ዎንግ ፌይ ሁንግ በእውን የኖረ ሰው ነው። በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ግዛት የፎሻን ሰው ሲሆን ወጌሻና የባህል ሐኪም፣ ሁንግ ጋር የሚባለው የደቡብ ስልት መምህርም ነበር፤ የሞተው በ1925 ነው። በፊልሙ እሱን ሆኖ የተጫወተው ክዋን ታክ ሂንግ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበር። ክዋን ከዚያ በኋላ በዚሁ ገጸ ባሕርይ ከሰባ በላይ ፊልሞች ላይ ተጫወተ፤ በ1956 ብቻ ከሃያ በላይ ወጥተዋል። ፊልሞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በጥቂት ገንዘብና በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። ዎንግ በነዚህ ፊልሞች ረጋ ያለ፣ እጁን ለማንሳት የማይቸኩል፣ ተማሪዎቹን ስለ ትዕግሥት የሚመክር ጨዋ ሰው ነው። ባላጋራው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሺ ኪየን ነው፤ ይኸው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በ«ኢንተር ዘ ድራገን» የብረት እጅ እየቀያየረ ከብሩስ ሊ ጋር የሚፋለመው ሃን ሆኖ ታየ።

የዉ ፓንግ ሥራ ከቀደሙት የሚለየው እውነተኛ የኩንግ ፉ ሰዎችን ወደ ካሜራው ፊት ማምጣቱ ነው። ከዚያ በፊት በስክሪን ይታይ የነበረው ከኦፔራ መድረክ የተወሰደ የዳንስ ዓይነት ፍልሚያና በፊልሙ ላይ በእጅ የተሣለ ብልጭታ ነበር። ዉ ፓንግ ካመጣቸው መካከል ላው ቻም አንዱ ነው። ላው ቻም የተማረው ከላም ሳይ ዊንግ ነው፤ ላም ሳይ ዊንግ ደግሞ የዎንግ ፌይ ሁንግ የራሱ ተማሪ ነበር። የላው ቻም ልጅ ላው ካር ሊዩንግ ከአባቱ እግር ሥር ሆኖ ስልቱን ተማረ፤ በነዚሁ ፊልሞች ላይ ትንንሽ ሚና እየያዘም አደገ። በቅኔ ቤት እገሌ ከማን ተቀኘ ተብሎ እንደሚጠየቀው፣ በዚህም ሙያ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመምህር ስም ነው፤ ላው ካር ሊዩንግ ሲጠየቅ በሦስት ስም ብቻ ከዎንግ ፌይ ሁንግ ይደርሳል። ይህ የዘር ሐረግ ወደ ፊት በሚነሱት ፊልሞች ላይ ትልቅ ቦታ አለው።

ሁለተኛው ምንጭ የኦፔራ ትምህርት ቤት ነው። ከዋናው ቻይና የተሰደዱ የቤጂንግ ኦፔራ መምህራን በሆንግ ኮንግ ሕፃናትን እየሰበሰቡ ያሠለጥኑ ነበር። የታወቀው የዩ ጂም ዩዌን ትምህርት ቤት ነው፤ ጃኪ ቻን፣ ሳሞ ሁንግና ዩዌን ቢያው ከዚያ ወጡ። ወላጆች ልጃቸውን ለዓመታት በውል ያስረክባሉ። ሥልጠናው ንጋት ላይ ይጀምራል፤ በእጅ ቆሞ መቆየት፣ መገለባበጥ፣ መዝፈን፣ ዱላና ሰይፍ መጨበጥ ሁሉም በአርጩሜ የታጀበ ነበር። በ1960ዎቹ የኦፔራ ተመልካች እየተመናመነ ሲሄድ እነዚህ ልጆች የቀራቸው ሥራ ከፎቅ የሚዘል፣ በጠረጴዛ ላይ የሚወድቅ፣ ተመትቶ የሚሽቀነጠር ሰው ሆኖ በፊልም መቀጠር ነበር። ይዘውት የመጡት ግን መገለባበጥ ብቻ አልነበረም። በቤጂንግ ኦፔራ ከበሮና ቃጭል የተዋናዩን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይከተላሉ፤ ሦስት አራት ፈጣን ምት ይሰነዘርና ተዋናዩ ለቅጽበት ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ እንደገና ይፈነዳል። የሆንግ ኮንግ ፊልም ድብድብ ከሌላ አገር ድብድብ የሚለየው በዚህ ምት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው እንኳ ድብድቡ ከየት የመጣ እንደሆነ ከድምፁ ሊለይ ይችላል።

ሁለቱን ምንጮች በአንድ ግቢ ያገናኘው ገንዘብ ነው። ራን ራን ሾው ከሲንጋፖር መጥቶ በ1961 በክሊርዋተር ቤይ ኮረብታ ላይ የሾው ብራዘርስን ስቱዲዮ ከፈተ። ቤተሰቡ በሲንጋፖርና በማላያ የብዙ ሲኒማ ቤቶች ባለቤት ስለነበር የሚሠራውን ፊልም የት እንደሚያሳይ አስቀድሞ ያውቃል። በግቢው ውስጥ የጥንት ከተማ መንገድ፣ የገዳም ደጅ፣ የመጠጥ ቤት ተሠርቶ ቆሟል፤ ተዋናዮቹም በውል የታሠሩ፣ ብዙዎቹም እዚያው የሚያድሩ ነበሩ። ያው ደረጃና ያው ድልድይ በብዙ ፊልም ላይ ደጋግሞ ስለሚታይ ፊልሞቹን የለመደ ተመልካች እንደ ሰፈሩ መንገድ ያውቀዋል። ቀረጻው ያለ ድምፅ ይካሄዳል፤ ንግግሩም የምቱ ድምፅም በኋላ በስቱዲዮ ይገባል። ይህ ለካሜራ ነፃነት ሰጠ፤ በሌላ በኩል ግን ከንፈርና ቃል አልገጥም ያለበትን፣ ለዘውጉ መሣለቂያ የሆነውን ጉድለት ወለደ።

በዚህ ስቱዲዮ በመጀመሪያ የገነነው የሰይፍ ፊልም ነው። ኪንግ ሁ በ1966 «ኑ ከእኔ ጋር ጠጡ» የተባለውን ሠራ። ዋና ተዋናይዋ ቼንግ ፔ ፔ ገና ሃያ ዓመት የሞላት ወይም ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ የተማረችውም ኩንግ ፉ ሳይሆን ባሌ ነው። በመጠጥ ቤቱ ትዕይንት እንደ ወንድ ለብሳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ሽፍቶች አንድ በአንድ እየመጡ ዙሪያዋን ይይዛሉ። እሷ አትነሳም። ኪንግ ሁ የሚያሳየው ከምቱ ይልቅ ከምቱ በፊት ያለውን ዝምታ ነው፤ ዓይን ከዓይን ሲገጥም፣ እጅ ወደ ሰይፍ ሲሄድ። ምቱ ራሱ በቅጽበት ያልፋል። ኪንግ ሁ ቆይቶ በታይዋን የሠራው «የዜን ንክኪ» በ1975 በካን የፊልም ፌስቲቫል የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል። በጥራት ከዘመኑ ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ተዋጊዎቹ በቀርከሃ ጫካ ላይ የሚንሳፈፉበት በመሆኑ ከኩንግ ፉ ይልቅ የሰይፍ ተረት ነው።

ሌላው የስቱዲዮው ዳይሬክተር ቻንግ ቼህ የኪንግ ሁ ተቃራኒ ነበር። የሱ ዓለም የወንዶች ዓለም ነው፤ ወንድማማችነት፣ ደም፣ ቆሞ መሞት። በ1967 የሠራው «ባለ አንድ ክንዱ ሰይፈኛ» በሆንግ ኮንግ ገበያ አንድ ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በማስገባት የመጀመሪያው ሆነ፤ ዋና ተዋናዩ ጂሚ ዋንግ ዩም በአንድ ጊዜ ገነነ። ዋንግ ዩ በ1970 ራሱ ዳይሬክተርና ተዋናይ ሆኖ «ቻይናዊው ቦክሰኛ»ን ሠራ። እዚህ ላይ ሰይፉ ተጣለ። ጃፓናውያን የካራቴ ሰዎች የኩንግ ፉ ትምህርት ቤቱን ያጠፋሉ፤ የተረፈው ተማሪ እጁን በጋለ የብረት አሸዋ ውስጥ እየከተተ ያጠነክራል፤ ከዚያ ይበቀላል። ፊልሙ ሻካራ ነው፤ ጃፓናውያኑም ከጭራቅነት ያለፈ ነገር የላቸውም። ይሁን እንጂ በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት የሚሠራውን ሁሉ በአጭሩ ይዟል። ይኸው አሳብ በ1972 ኮሪያዊው ጄኦንግ ቻንግ ህዋ ባዘጋጀውና ሎ ሊዬ በተጫወተበት «ኪንግ ቦክሰር» ተደገመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋርነር ብራዘርስ «አምስቱ የሞት ጣቶች» ብሎ አሜሪካ ላይ ሲያሳየው በሩ ተከፈተ።

በተከፈተው በር የገባው ብሩስ ሊ ነው። የተወለደው በ1940 በሳን ፍራንሲስኮ፣ አባቱ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ሆኖ ለትርኢት በሄደበት ነበር፤ ያደገው ሆንግ ኮንግ ነው። ዊንግ ቹን የተባለውን ስልት በአይፕ ማን ትምህርት ቤት ተማረ። በአሜሪካ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የረዳት ሚና ከተጫወተ በኋላ ሆሊውድ ዋና ሚና ስለነፈገው ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። ሾው ብራዘርስ ያቀረበለትን ዝቅተኛ ውል አልተቀበለም፤ ሬይመንድ ቻው በ1970 ከሾው ወጥቶ ያቋቋመው ጎልደን ሀርቨስት ግን የተሻለ ሰጠው። በ1971 በታይላንድ የተቀረጸው «ትልቁ አለቃ» የገበያውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ1972 የወጣው «የቁጣ ቡጢ» ያንን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው «የድራገኑ መንገድ» ደግሞ እሱንም አለፈው። «ኢንተር ዘ ድራገን» ለእይታ ሊበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጁላይ 20 ቀን 1973 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ።

ስለ ብሩስ ሊ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር ቢኖር ፊልሞቹ ከእሱ ከራሱ የሚያንሱ መሆናቸው ነው። «ትልቁ አለቃ» ሰውየው እስኪቆጣ ድረስ ግማሽ መንገድ ያዘግማል፤ በ«የቁጣ ቡጢ» ከብሩስ ሊ ውጪ ያሉትን ተዋናዮች የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ «ኢንተር ዘ ድራገን» ከጄምስ ቦንድ የተቀዳ ታሪክ ላይ እሱን የለጠፈ ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ትምህርት የለም ማለት ይቻላል፤ ብሩስ ሊ ሲመጣ ሁሉን አውቆ ይመጣል። ሰውን ያስደነቀው የመማሩ ታሪክ ሳይሆን አካሉ ነው፤ ፍጥነቱ፣ የጡንቻው ሥዕል፣ ከመምታቱ በፊት የሚያሰማው የድመት ጩኸት። ካሜራው ፊት እንዲህ ያለ አካል ቀርቦ አያውቅም ነበር።

ከዚህ ፍርድ የሚያመልጥ አንድ ትዕይንት አለ፤ እሱም በ«የድራገኑ መንገድ» መጨረሻ ከቸክ ኖሪስ ጋር በሮም ኮሎሲየም የሚያደርገው ፍልሚያ ነው። አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው ሆንግ ኮንግ ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ቅጂ ነው፤ ይህ ግን ክብደቱን አይቀንሰውም። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ልብሳቸውን አውልቀው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ አንዲት ግልገል ድመት ከድንጋዩ መሃል ታያቸዋለች። በመጀመሪያ የሚመታው ብሩስ ሊ ነው፤ መሬት ላይ ይወድቃል። ሲነሳ አቋሙን ለውጧል፤ እግሩ እየዘለለ፣ ቦታውን እየቀያየረ፣ ባላጋራው የለመደውን ምት እያሳተው ይገባል። ኖሪስ በበኩሉ መለወጥ አይችልም፤ በያዘው ስልት ገፍቶ ይሰበራል። በመጨረሻ ብሩስ ሊ የሟቹን ልብስና ቀበቶ አምጥቶ ሬሳውን ያለብሰዋል፤ ተንበርክኮም ዝም ይላል። በዚህ ትዕይንት ትምህርቱ በድብድቡ መሃል ይካሄዳል፤ ስልትህን ማክበር እንዳለብህ ሁሉ ጊዜው ሲደርስ መተው እንዳለብህ ያለ አንዳች ቃል ይነገራል። ብሩስ ሊ ዳይሬክተር ሆኖ ቢቆይ ወዴት ሊደርስ ይችል እንደነበር የሚያመለክተው ይህ እንጂ «ኢንተር ዘ ድራገን» አይደለም።

በ1973 የጸደይ ወራት የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በአሜሪካ የገበያ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጡ። በትልልቅ ከተሞች ሲኒማ ቤቱን የሞላው በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በስክሪኑ ላይ ነጭ ያልሆነ፣ ድሃ፣ ከራሱ አካል በቀር መሣሪያ የሌለው ሰው ባለጠመንጃውንና ባለገንዘቡን ሲጥል ይታያል። ፍቅሩ በዚያ ትውልድ ብቻ አልቆመም፤ ከኒውዮርክ የተነሣው ዉ ታንግ ክላን የተባለው የራፕ ቡድን በ1993 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ርእስ ላይ ወደ ፊት የሚነሣውን «36ኛው የሻኦሊን ክፍል» የተባለ ፊልም ጠቅሷል። በኢትዮጵያም ፊልሞቹ ከሲኒማ ቤት ይልቅ በቪዲዮ ቤት ሥር ሰደዱ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና ያረጀ ካሴት ይበቃ ነበር። ካራቴ ይሁን ኩንግ ፉ ሳይለይ ሁሉም «የካራቴ ፊልም» ነው፤ ዋናው ሰውየም ስሙ ማንም ይሁን ማን «አክተሩ» ነው፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። የቻንግ ቼህ ፊልም የመጣ ቀን ይህ እምነት ክፉኛ ይፈተናል፤ የሱ አክተሮች ብዙውን ጊዜ ይሞታሉ፣ ያውም አንጀታቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው እየተዋጉ። ቋንቋው ሳይገባ ፊልሙ የሚገባው፣ ግፍና ትምህርትና በቀል ትርጉም ስለማይፈልጉ ነው።

ዘውጉ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ከብሩስ ሊ ሞት በኋላ ነው፤ ያደረሰውም ላው ካር ሊዩንግ ነው። ለዓመታት የቻንግ ቼህ የድብድብ አቀናባሪ ሆኖ ሠርቷል፤ በ1975 ተለያይተው ራሱን ችሎ ዳይሬክተር ሆነ። የመለያየታቸው ነገር በፊልሞቻቸው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ለቻንግ ቼህ ኩንግ ፉ የመሞቻ መንገድ ነው፤ ለላው ግን የመኖሪያ ሥርዓት ነው። ብዙዎቹ የላው ፊልሞች ባዶ በሆነ መድረክ ላይ በሚቀርብ የስልት ማሳያ ይጀምራሉ፤ ታሪኩ ሳይነገር ስልቱ ይተዋወቃል።

የሱ ዋና ሥራ በ1978 የወጣው «36ኛው የሻኦሊን ክፍል» ነው። ዋናውን ሚና የያዘው ጎርደን ሊዩ፣ ከላው ቻም ተምሮ በላው ቤተሰብ እንደ ልጅ የታየ ሰው ነው። ሊዩ ዩ ዴ የተባለ ተማሪ በማንቹ ገዥዎች ላይ ከሚያሤሩት ጋር ይገናኛል፤ ወዳጅ ዘመዱ ይገደላል፤ ቆስሎ ሻኦሊን ገዳም ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ያለው የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ በቀሉን ለረጅም ጊዜ ትቶ ትምህርት ቤት ይገባል። ገዳሙ ሠላሳ አምስት የሥልጠና ክፍሎች አሉት። መነኩሴ ሆኖ ሳን ቴ የተባለው ተማሪ ከየትኛው መጀመር እንደሚፈልግ ሲጠየቅ ከላይኛው ይላል። ይፈቀድለታል። በላይኛው ክፍል ሽማግሌ መነኮሳት መጽሐፍ እየደገሙ ተቀምጠዋል፤ አንድም ቃል አይገባውም፤ ተወርውሮ ይወጣል። ስለዚህ ከታች ይጀምራል።

የመጀመሪያው ትምህርት ምሳ መብላት ነው። ወደ መመገቢያው ክፍል ለመግባት በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት እስር ረግጦ መዝለል አለበት፤ ሌሎቹ መነኮሳት ሳያስቡት ያልፋሉ፤ እሱ ይወድቅና ይረጥባል፤ ረጥቦ የገባ አይበላም። ሌሊት ሌሊት ብቻውን እየመጣ ይለማመዳል። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ውሃ በተዘረጋ ክንድ ይዞ ዳገት መውጣት ነው፤ ከክንዱ ሥር ቢላዋ ታሥሯል፤ ክንዱ ሲዝል ቢላዋው ጎኑን ይወጋዋል። ለእጅ አንጓ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ከባድ መዶሻ ደወል መምታት፤ ለዓይን ራስን ሳያንቀሳቅሱ የሚወዛወዝ ብርሃን መከተል፤ ራሱ ዞር ቢል በግራና በቀኝ የቆመ የጋለ ዕጣን ፊቱን ያቃጥለዋል። ላው ካር ሊዩንግ አንዱንም በሩጫ አያልፈውም። ተማሪው ሲወድቅ፣ ለምን እንደወደቀ ሲያስብ፣ ሲገባው ይታያል። አካል እንዴት እንደሚማር ይህን ያህል በትዕግሥት ያሳየ ሌላ ፊልም ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት በሙዚቃ እየታጀቡ በሁለት ደቂቃ የሚያልቁ የሥልጠና ትዕይንቶች ሁሉ የዚህ ፊልም የተጨመቀ ቅጂ ይመስላሉ።

ትምህርቱን ሲጨርስ ሊያሸንፈው ያልቻለው አንድ ባለ ሁለት ቢላዋ መነኩሴ ይቀራል። ደጋግሞ ከተሸነፈ በኋላ ሦስት ክፍል ያለው፣ በሰንሰለት የተያያዘ ዱላ ፈጥሮ ያሸንፈዋል። የየትኛው ክፍል ኃላፊ ለመሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ የሌለ ክፍል ይመርጣል፤ ሠላሳ ስድስተኛውን፣ ተራው ሕዝብ የሚማርበትን። ስለዚህ የፊልሙ መደምደሚያ የሚበቀለው የማንቹ ጄኔራል መሞት ሳይሆን ተማሪው መምህር መሆኑ ነው። በቀሉ ራሱ ደረቅ ይመስላል፤ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ ያም ሆኖ ዳይሬክተሩ ልቡ የት እንዳለ ያሳያል።

በዚያው ዓመት የሠራው «የምሥራቅ ጀግኖች» በቀልን ጨርሶ የተወ ነው። ቻይናዊ ወጣት ጃፓናዊት ያገባል፤ ባልና ሚስት የማን አገር ስልት ይበልጣል በሚል ይጣላሉ፤ ነገሩ ተጋንኖ ሰባት የጃፓን ባለሙያዎች ባልየውን ሊገጥሙ ይመጣሉ። ሰይፍ በሰይፍ፣ ጦር በጦር፣ ካራቴ በኩንግ ፉ ይፈተናል፤ አንድም ሰው አይሞትም። ጃፓናዊን በጭራቅነት ብቻ መሣል በለመደ የፊልም ገበያ ውስጥ ተሸናፊው ክብሩ ተጠብቆ መሄዱ ቀላል ነገር አልነበረም። ላው በሴቶችም በኩል ከቻንግ ቼህ ይለያል፤ ካራ ሁይ በሱ «ወጣቷ አክስቴ» ባሳየችው ብቃት በ1982 በመጀመሪያው የሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። ከሷ በፊት የጎልደን ሀርቨስቷ አንጄላ ማኦ በ1972 «ሃፕኪዶ» ላይ ከማንም ወንድ የማይተናነስ ርግጫ አሳይታ ነበር።

1978 ሌላም ነገር አመጣ። የድብድብ አቀናባሪው ዩዌን ዉ ፒንግ በዚያ ዓመት ጃኪ ቻንን ይዞ «እባቡ በንስር ጥላ» እና «የሰከረው መምህር» የተባሉትን ሁለት ፊልሞች አከታትሎ ሠራ። እስከዚያ ድረስ ጃኪ ቻን ሁለተኛ ብሩስ ሊ እንዲሆን ተሞክሮ ያልተሳካለት ተዋናይ ነበር። በነዚህ ፊልሞች ግን የብሩስ ሊ ተቃራኒ ሆነ፤ ብሩስ ሊ ከፍ አድርጎ ሲረግጥ ጃኪ ዝቅ ብሎ ያመልጣል፤ ያኛው ሲመታ ፊቱ ይቆጣል፣ ይኸኛው እጁን እያሻሸ ያለቅሳል። «የሰከረው መምህር» ክዋን ታክ ሂንግ በጨዋነት የተጫወተውን ዎንግ ፌይ ሁንግ ወስዶ ሰነፍና ረባሽ ጎረምሳ አደረገው። መምህሩን ሆኖ የተጫወተው የዳይሬክተሩ አባት ዩዌን ሲዩ ቲየን ነው፤ እሱም ቀድሞ በክዋን ፊልሞች ላይ የሠራ ሽማግሌ ነበር።

ቀልዱ ትምህርቱን አላጠፋውም። ተማሪው የስምንቱን ሰካራም ቅዱሳን ስልት መማር አለበት፤ ሰባቱን ይለማመዳል፤ ስምንተኛዋ ሴት ስለሆነች እንደሷ መንቀሳቀስ አሳፍሮት ይዘላል። በመጨረሻው ፍልሚያ፣ እግሩ እንደ ጅራፍ ከሚፈጥነው ኮሪያዊው ህዋንግ ጃንግ ሊ ጋር ሲገጥም፣ ሰባቱ ያልቃሉ። የቀረችው የዘለላት ናት። አያውቃትምና ከራሱ ይፈጥራታል፤ ቀበጥ ሴት እየመሰለ ባላጋራውን ያሸንፋል። የሰነፍ ተማሪ ኃጢአትና የአዋቂ ፈጠራ በአንድ እንቅስቃሴ ሲገናኙ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከሳቁ በስተጀርባ ያለው አሳብ ከላው ካር ሊዩንግ አሳብ ጋር አንድ ነው።

እነዚህ ፊልሞች ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የሚበልጡበት የአሠራር ምክንያት አለ። ካሜራው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ተፋላሚው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይታያል፤ አንዱ ቀረጻ ሳይቆረጥ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ እንቅስቃሴ ይይዛል። ስለዚህ ተመልካቹ ምቱ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ፣ እንዴት እንደተመከተ ያያል። ለቅርብ ቀረጻ የሚመረጠው ወሳኙ ነገር ብቻ ነው፤ የጣት አያያዝ፣ የእግር አቀማመጥ። መዋጋት የማያውቅ ተዋናይ ያለው ፊልም ግን ካሜራውን አቅርቦ፣ ቀረጻውን ቆራርጦ፣ አለማወቁን ይደብቃል። ሸፍጥ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የተቀረጸው በስክሪን ሲታይ እንዲፈጥን በቀረጻ ጊዜ ካሜራውን ማዝገም የተለመደ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይርበተበታሉ። ምቱ እንዲታይ ልብስ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ለመዝለል መንጠሪያና ሽቦ አለ። ሙዚቃው ከሌላ አገር ፊልም ሳይፈቀድ የተወሰደ መሆኑ፣ ጢሙ በማስቲሽ መለጠፉ ከሩቅ መታወቁ፣ ባላጋራው መሬት በነካበት ቅጽበት ምስሉ ደርቆ «ተፈጸመ» መባሉ የሚያስቅ ነው። የዘውጉ ወዳጆች ግን ይህን ጉድለት እንደ ዘመድ ጠባይ ችለውታል።

ዘመኑ የተዘጋው ቀስ በቀስ ነው። በ1983 የሾው ብራዘርስ ተወዳጅ ወጣት አሌክሳንደር ፉ ሼንግ የላው ካር ሊዩንግን «የስምንቱ ሥዕል ዘንግ ተዋጊ» እየሠራ ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ። ታሪኩ እንደገና ተጽፎ ክብደቱ በጎርደን ሊዩ ላይ ወደቀ፤ ፊልሙ በ1984 ወጣ። በላው ሥራዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ጨለማ ሌላ ፊልም የለም። ወንድሞቹ በክህደት ያለቁበት መነኩሴ ቁጣውን የሚያበርድለት ሥልጠና አያገኝም፤ በገዳሙ ውስጥ የእንጨት ተኩላዎች ጥርስ በዘንግ መስበር ይማራል፤ በመጨረሻው ፍልሚያ፣ የሬሣ ሣጥን በተከመረበት መጠጥ ቤት፣ የተማረውን በሰው ጥርስ ላይ ይፈጽመዋል። ብዙም ሳይቆይ ሾው ብራዘርስ የፊልም ሥራውን አቁሞ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። ጃኪ ቻንም በ1983 በ«ፕሮጀክት ኤ» ከሰዓት ማማ ወደቀ፤ በ1985 በ«ፖሊስ ስቶሪ» በገበያ አዳራሽ ውስጥ መብራት በተጠመጠመበት ምሰሶ ተንሸራተተ። እነዚህ ድንቅ ፊልሞች ናቸው፤ ሆኖም የሚያስደነግጡት በስልት ሳይሆን በአደጋ ነው፤ መምህርም የላቸውም። በዋናው ቻይና ጄት ሊ በ1982 በ«ሻኦሊን ቴምፕል» ብቅ አለ፤ በ1991 ዳይሬክተር ጹይ ሃርክ ዎንግ ፌይ ሁንግን በሱ አማካይነት ሲያስነሣው ሰውየው ክብሩን አስመልሶ ነበር፣ ሽቦም ተጨመረለት። ዩዌን ዉ ፒንግ ደግሞ ወደ ሆሊውድ ሄዶ በ1999 የወጣውን የ«ዘ ማትሪክስ»ን ድብድብ አቀናበረ።

ፊልሞቹን አሁን ለማየት ለሚፈልግ የቅጂው ነገር ወሳኝ ነው። የሾው ፊልሞች የተቀረጹት ለሰፊ ስክሪን ነው፤ በካሴት ዘመን ለቴሌቪዥን ሲባል ግራና ቀኙ ተቆርጦ ስለነበር፣ ከሁለቱ ተፋላሚዎች አንዱ ከሥዕሉ ውጪ ሆኖ ሲመታ ይውል ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ታድሰው በሙሉ ስፋታቸው፣ በቻይንኛ ድምፅና በግርጌ ጽሑፍ ወጥተዋል። ለጀማሪ ከ«ኢንተር ዘ ድራገን» ይልቅ «የሰከረው መምህር» ይሻላል፤ ቀጥሎ «36ኛው የሻኦሊን ክፍል»፣ ከዚያ «የምሥራቅ ጀግኖች»። «የስምንቱ ሥዕል ዘንግ ተዋጊ» ከነዚህ ሦስቱ በፊት መታየት የለበትም፤ ቁጣው የሚገባው የላውን እርጋታ አስቀድሞ ላየ ሰው ነው።